የካሉብ ጋዝ ለመብራት ይቃጠል ወይስ ይቅር?

መሠረት፦ የትናንቱ ወሬ ስላላለቀ እዚህ ላምጣው። ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ሃምሳ ዓመት አልፏል። አሁን አንዳንዱ ሰው "ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይሠራበት" ይላል። እኔ አልስማማም። 5,150 ሜጋ ዋት ያለውን ሕዳሴን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 መርቀናል። ከመብራታችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ጋዝ ማቃጠል ምን ይሉታል?

ዳዊት፦ 2011ን ረሳሽው እንዴ? ግንቦት ላይ የጊቤ 3 ውሃ ጎደለና 476 ሜጋ ዋት አጣን፤ አገሩ በፈረቃ ሆነ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ነበር የምትሸጠው። ምጣዱ ገና ሲግል መብራቱ እልም ይላል። ተራችን እስኪደርስ ሊጡ ኮምጥጦ ይጠብቀናል።

መሠረት፦ ያኔ ሕዳሴ አልነበረማ!

ጋሽ ተረፈ (ጡረታ የወጣሁ የማመንጫ ቴክኒሻን ነኝ)፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ሌላው አገር ጋዝን የሚፈልገው አንዱ ምክንያት ማታ ጭነት (የመብራት ፍላጎት) ሲጨምር ቶሎ ስለሚነሳለት ነው። እኛ ጋ ያንን ሥራ ውሃው ራሱ ይሠራል። በሩን ስትከፍቱለት ተርባይኑ በደቂቃዎች ውስጥ ጭነት ይይዛል። ጋዝ ቢያስፈልገን ዝናብ ለከዳበት ዓመት ነው፤ እንደ ቤት ጀነሬተር ማለት ነው።

ሊዲያ፦ ጋሼ፣ ጭሱስ?

ጋሽ ተረፈ፦ እናስላው። ከጋዝ ተርባይኑ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ውሃ አፍልቶ ሁለተኛ ተርባይን የሚያዞርበት ጣቢያ፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 370 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሁለተኛው ከሌለ 500 ያልፋል። ከሰል ቢሆን 900 አካባቢ ነበር። 500 ሜጋ ዋት ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 1.6 ሚሊዮን ቶን ይወጣዋል። አራት የበጋ ወር ብቻ ቢሠራ ግማሽ ሚሊዮን ቢሆን ነው።

ሊዲያ፦ ሳይቃጠል የሚያፈተልከውን ሚቴን (ጋዙ በአብዛኛው እሱው ነው) ረሱት። በ20 ዓመት ሲለካ ሙቀት በመያዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን 80 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቧንቧው ትንሽ ካፈሰሰ ስሌትዎ ፈረሰ።

ጋሽ ተረፈ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። እዚህ ላይ ተረታሁ።

ሀሰን (ጅጅጋ)፦ ስለ ሕዳሴ ስታወሩ ካርታ እዩ እስቲ። እሱ ምዕራብ ድንበር ላይ፣ እኛ ምሥራቅ ጫፍ። መሐል ላይ አንድ መስመር ሲቋረጥ እኛ ጨለማ ውስጥ ነን። አጠገባችን የሚያመነጭ ነገር ቢኖር መስመሩንም ያረጋጋዋል። ደግሞስ ጋዙ ከእኛ መሬት ወጥቶ እኛ ሻማ እናብራ?

መሠረት፦ ሀሰን ወንድሜ፣ ይሄ ገባኝ። ግን እኔ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ኃይል ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው ወር ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ ስድስት ቀን ከረምን። አሮጌውን አውርደው ሌላ አሮጌ ሰቀሉልን! ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ሽቦው ይታደስ። ስምንት ወር ቆሞ ለሚውል ጣቢያስ ብድሩን ማን ሊከፍል ነው?

ዳዊት፦ ኢንሹራንስም እኮ መኪናው ሳይጋጭ ይከፈላል።

ጋሽ ተረፈ፦ የመሠረት ጥያቄ ግን ዋናው ነው። ባለ ጣቢያው ቆሜም ይከፈለኝ ማለቱ አይቀርም። ውሉ ላይ ለመጠባበቂያነቱ የሚከፈለው ለብቻው፣ ላመነጨው የሚከፈለው ለብቻው ካልተጻፈ፣ ዕዳውን ለመሸፈን ክረምት ከበጋ ያቃጥላል። ውሃው ደግሞ መብራት ሳያመነጭ በግድቡ ማፍሰሻ በኩል ዝም ብሎ ይሄዳል።