ክርክር፦ ቡድን ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ አሰልጣኙን «ይውጣልን» ማለት ልክ ነው?

አወያይ፦ ትናንት አጂፕ ሰፈር ኳስ በምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት የጀመርነውን ጭቅጭቅ እዚህ እንጨርሰው። አሰልጣኝ በምን ይለካ? ስድብ የለም።

የሂርማታው፦ በነጥብ፣ ሌላ በምን? ሩቅ አንሂድ። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ጅማ አባ ጅፋራችንን ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ሻምፒዮን አደረገው። በ2011 ደግሞ መቐለ 70 እንደርታን ይዞ ዋንጫውን ደገመው። ሁለት ቡድን፣ አንድ ሰው።

ኮቺ፦ አቦ፣ የአባ ጅፋሩን አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢን ረሳኸው? በ2010 23 ጎል አግብቷል። መቐለም ላይ ኮከብ ግብ አግቢው አማኑኤል ገብረሚካኤል ነበር። ሁለቴም የሊጉ ምርጥ አጥቂ እጁ ላይ ነበር፤ እንደዚያ ከሆነማ እኔም አሠለጥናለሁ።

የሂርማታው፦ በተከታታይ ሁለት ዓመት የራሱ አጥቂ ኮከብ የሚሆንለት ሰው ዕድለኛ ነው የምትለው? ኳሷን ለአጥቂው የሚያደርስ ቡድን ማን ሠራ?

ኮቺ፦ እ... እሷን ሰጥቼሃለሁ።

የቀድሞ ተመላላሽ፦ እኔ ታችኛው ሊግ ተጫውቻለሁ፤ የክለቡን ስም ልተወው። ደሞዝ ካየን ሦስተኛ ወራችን ነበር። ማክሰኞ ልምምድ ላይ አሥራ ሦስት ሰው ብቻ ስለመጣን አሰልጣኙ ምክትሉን ማሊያ አልብሶ አስገባው። እሁድ 70ኛው ደቂቃ ላይ እግራችን ከዳን። ደጋፊው «ቀይር! ቀይር!» ይላል። ወንበር ላይ የነበሩት ሁለተኛው በረኛና ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ የጠቀለለ ልጅ ናቸው። ማንን ይቀይር? በሳምንቱ ተሰናበተ። አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ ደሞዙ ግን አብሮት አልመጣም።

የሂርማታው፦ ያሳዝናል ወንድሜ። ግን ደጋፊ የደሞዝ መዝገብ አይገልጥም፤ የሚያየው ሜዳውን ነው።

የቀድሞ ተመላላሽ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ይጠይቃ! ጩኸቱን ከአሰልጣኙ ወንበር ወደ ክለቡ ቢሮ ማዞር ያቅታል?

መርካቶ፦ ነጥብ ራሱ ሁሌ እኩል አይመዘንም። በ2013 ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ክለቦች ሁሉ አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ነበር የሚጫወቱት፤ ጅማም ተራዋ ደርሷት አስተናግዳለች። «በሜዳው ስንት ነጥብ ያዘ» ብለን የምንለካው ነገር ያኔ ትርጉም አጣ። ደሞ እናንተ አርሰናሎች፣ አሰልጣኛችሁ አርቴታ ሁለቴ ተከታትሎ 8ኛ ሲወጣ «ጊዜ ስጡት» ስትሉ አልነበረም? ለሀገር ልጅ ሲሆን ትዕግሥቱ የት ሄደ?

የሂርማታው፦ አርቴታ በ8ኛነቱ መሐል የእንግሊዙን ኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አንሥቷል። ገንዘብም ነበረው።

መርካቶ፦ ይኸው፣ «ገንዘብ ነበረው» አልክ። ከሰዓት ሙሉ ስንልህ የዋልነው እሱን አይደል?

ኮቺ፦ እኔ ቅያሪውን ነው የማየው። አንድ ለዜሮ እየተመራ ተከላካይ የሚያስገባ ሰው ኪሱ ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እሱን ደሞዝ ተከፍሎም አልታገሠውም።

የሂርማታው፦ አሁን ገና ተግባባን። አራተኛውን ሽንፈት ግን አልጠብቅም። የዛሬው ቡና በማን ነው?