«ከተሸፈነማ ውኃው በምን በኩል ይገባል?»፦ ስለ «ሽፋን»፣ «ሰፈፍ» እና «ብልት» የተደረገ የቃላት ውይይት

ጥያቄ

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች አነስተኛ ቢሮ ውስጥ የጤና ትምህርት ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ስለ ተቅማጥና ስለ ሕይወት አድን ዱቄት ለእናቶች የሚያስረዳ በራሪ ጽሑፍ ሲሆን፣ ረቂቁ ውስጥ «የአንጀት ሕዋሳት በስስ ሽፋን የተሸፈኑ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገብቼ ነበር። ጽሑፉን ለሙከራ ካነበብንላቸው እናቶች መካከል አንዷ «ከተሸፈነማ ውኃው በምን በኩል ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። ባልደረቦቼ «ግድግዳ»፣ «ገለፈት» እና «ወንፊት» የሚሉ አማራጮችን አቅርበውልኛል። የትኛው ቃል ይሻላል? በሕዋስ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ክፍሎችስ በጅምላ ምን ብዬ ልጥራቸው?

መልስ

እኅቴ፣ እኒያ እናት የጠየቁት ጥያቄ የባዮሎጂ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የደከሙበት ነውና መልስ በማጣትዎ አይዘኑ። አራት ኪሎ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር ከኖርኩ በኋላ የደረስኩበት እምነት፣ የተማሪው ግራ መጋባት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከነገሩ ክብደት ሳይሆን ነገሩን ከሰየምንበት ቃል መሆኑ ነው።

«ሸፈነ» የሚለው ግሥ በአማርኛ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ድርጊት ነው። እንጀራው በመሶብ ክዳን ይሸፈናል፣ ሕፃኑ በጋቢ ይሸፈናል፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑም ሆነ ጋቢው ሌላ ሥራ የለውም፣ ባለበት ተቀምጦ አቧራና ብርድ ይከላከላል። ሕዋስን የከበበው ነገር ግን እንዲህ አይደለም፤ ሕዋሱ በሕይወት እስካለ ድረስ አንዱን ያስገባል፣ ሌላውን ይመልሳል፣ ሦስተኛውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። እናትየዋ «ከተሸፈነማ» ያሉት አማርኛውን በትክክል ስለሰሙት ነው፤ የሳተው ቃሉ ነው።

«ግድግዳ» የሚለውን ያለ ማመንታት ይተዉት። ግድግዳ ያላቸው የዕፅዋት፣ የፈንገስና የአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ሕዋሳት ናቸው፤ የሰው ሕዋስ ግድግዳ የለውም። ሮበርት ሁክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1665 የቡሽ ስንጣሪ በአጉሊ መነጽር አይቶ ያገኛቸውን ባዶ ጉድጓዶች በላቲን ትንሽ ክፍል ማለት በሆነ ቃል ሲሰይም፣ ያየው የሞተ ተክል ግድግዳን ብቻ ነበር። (ያ የላቲን ቃል የመነኩሴ በአትንም ይጠራበታል። የእኛ «ሕዋስ» ግን ከሌላ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ በግእዝ የስሜት ብልት ማለት ሲሆን፣ ዛሬም «አምስቱ ሕዋሳት» ስንል ዓይንን፣ ጆሮን፣ አፍንጫን፣ ምላስንና እጅን እንጂ በአጉሊ መነጽር የሚታየውን ማለታችን አይደለም።) «ገለፈት» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ነገር ግን የሽንኩርት ገለፈት ራሱ ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ስለሆነ፣ ተማሪ ይህንኑ ገለፈት በአጉሊ መነጽር እያየ «የገለፈቱ ሕዋስ ገለፈት» ብንለው ይደናገራል።

«ወንፊት» ከሁሉም ይበልጥ የሚያታልል በመሆኑ ጥቂት ልቆይበት። ወንፊት የሚለየው በመጠን ብቻ ነው፤ ደቃቁ ያልፋል፣ ግርዱ ይቀራል። የሕዋስ ዙሪያ ግን በዚህ ሕግ አይተዳደርም። የሶዲየም ቅንጣት ከፖታሲየም ቅንጣት ታንሳለች፤ ሆኖም ለፖታሲየም የተበጀው መተላለፊያ ትልቋን ፖታሲየም እያሳለፈ ትንሿን ሶዲየም ይመልሳል። ሮድሪክ ማኪነን በ1998 የዚህን መተላለፊያ ቅርጽ አውጥቶ ምክንያቱን አሳየ፤ በ2003ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። መተላለፊያው ለፖታሲየም ልክ ሆኖ የተሰፋ ስለሆነ፣ ሶዲየም ጠባብነት ሳይሆን ስፋት ይከለክላታል፤ ዙሪያዋን ከቧት የመጣውን ውኃ አውልቃ ለመግባት የሚደግፋት ነገር አታገኝም። በወንፊት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

ታዲያ ያ ስስ ነገር ምንድን ነው? ቅባት ነው፤ ሁለት ረድፍ ሆኖ የተሰለፈ ቅባት። ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ያህል በመሆኑ፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ለመድረስ በሺዎች የሚቆጠር መደራረብ ይኖርበታል። እያንዳንዱ የቅባት ቅንጣት ውኃ የሚወድ ራስና ውኃ የሚሸሽ ጭራ አለው። ራሶቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ወዳለው ውኃ ሲዞሩ፣ ጭራዎቹ በመካከል ፊት ለፊት ተገናኝተው ይደበቃሉ። (እዚህ ላይ «ውኃ ጠል» የሚለውን ስያሜ አልመክርም፤ «ጠል» የሌሊት ርጥበትም ስለሆነ አንባቢው «የውኃ ጠል» ብሎ ተቃራኒውን ሊረዳ ይችላል። «ውኃ ሸሽ» ይበቃል።)

ይህ ድርብነት የታወቀበት መንገድ ለቃላት ወዳጅ ደስ የሚያሰኝ ነው። በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሕዋሳት ቅባቱን አውጥተው በውኃ ላይ አሰፈፉት፤ የሰፈፈው ቅባት የያዘው ስፋት የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቅባቱ በሕዋሱ ዙሪያ ሁለት ንብርብር መሆን ነበረበት። «ሰፈፈ» የሚለውን ግሥ አውቄ ነው የተጠቀምኩት። ወጥ ላይ ቅባት ይሰፍፋል፤ ጠጅ ሲጣልም ከማሩ የሚወጣው ሰም ላይ ይሰፍፍና «ሰፈፍ» ተብሎ ይነሣል። በ1972 ሲንገርና ኒኮልሰን የሕዋስን ዙሪያ ሲገልጹ ያሉትም ይህንኑ ነው፦ ቅባቱ የረጋ ቅጠል ሳይሆን የሚፈስ ገጽ ነው፣ በሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ፕሮቲኖችም በዚያ ቅባት ውስጥ ሰፍፈው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ሁክ የቡሽን ጉድጓዶች ከማር ሰፈፍ ጋር አመሳስሎ ነበር፤ እኛ ቃሉን ከጉድጓዶቹ ወደ ዙሪያቸው ብናሸጋግረው ነገሩን ይበልጥ ይመስላል። በእኔ አስተያየት እንደ ሰፈፍ ያለ ለነገሩ የሚቀርብ የአማርኛ ቃል የለም።

ይህን ስል ግን በራሪ ጽሑፍዎ ላይ «የሕዋስ ሰፈፍ» ብለው እንዲያትሙ አልመክርም። ተማሪው በመማሪያ መጽሐፉ «ሽፋን» እያነበበ አድጓልና እናቱ ሌላ ስም ብትነግረው ሁለቱም ግራ ይጋባሉ። የምመክረው ስሙን ትተው ግሡን እንዲቀይሩ ነው። «ሕዋሱ በሽፋን ተሸፍኗል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሽፋኑን ሥራ ፈት ያደርገዋል፤ «ሽፋኑ ያስገባል፣ ይመልሳል፣ ያስወጣል» ቢባል ግን ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይቃናል።

የአንድ አባል አስተያየት

መምህር፣ ስለ ሰፈፍ ያሉትን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን «ሞራ» ለምን ተረሳ? ሞራ ስስ ነው፣ ስብ ነው፣ የበግን ሆድ ዕቃ ከቦ ይይዛል። እናቶቻችንም በዓል በመጣ ቁጥር በእጃቸው የሚይዙት ነገር ስለሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የእንስሳትን ሞራ ገልጠው ነገር የሚያነቡ ሰዎችም ነበሩና ቃሉ የቆየ ክብር አለው።

መልስ

ወንድሜ፣ ሞራን አልረሳሁትም፤ የተውኩት «የዓይን ሞራ» በሚለው ምክንያት ነው። የጤና ጽሑፍ ላይ «ሞራ» ብለን ብንጽፍ አንባቢው በሽታ ነው ብሎ ይደነግጣል። እንዲያውም ይህ ስያሜ ራሱ ያደረሰው ጉዳት አለ፦ ብዙ ሰው የዓይን ሞራ በዓይን ላይ የበቀለ፣ ሊገፈፍ የሚችል ስስ ስብ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ችግሩ የዓይን ሌንስ ውስጥ ነው፤ የሌንሱ ፕሮቲኖች ተጓጉለው ጥራቱን ያሳጡታል። ነገሩ ከያዝነው ርዕስ ጋር በሌላ በኩል ይገናኛል፤ የሌንስ ሕዋሳት ሲጎለምሱ አስኳላቸውን (የሕዋሱን ማዕከል) እና ሌሎቹን የውስጥ ክፍሎች አፍርሰው ያስወግዳሉ፣ አለበለዚያ ብርሃን ሳይበተን አያልፍባቸውም። ቀይ የደም ሕዋስም እንዲሁ አስኳሉን ይጥላል፣ 120 ቀን ያህልም ያለ አስኳል ያገለግላል። ጎርተርና ግሬንደል እርሱን የመረጡት ብልህነት ነበር፤ ውስጡ ሌላ ሽፋን ስለሌለው ያወጡት ቅባት ከዙሪያው ብቻ የመጣ ነው።

ወደ እኅታችን ሁለተኛ ጥያቄ ልለፍ። ለውስጥ ክፍሎቹ የሚስማማው የጥንት ቃል «ብልት» ነው። የውጭው ቃል «ኦርጋኔል» «ትንሽ ብልት» ማለት ነው፤ አማርኛም ብልት ስትል በመጀመሪያ ሥራ ያለውን የሰውነት ክፍል ሁሉ ማለቷ ነበር። ዶሮ 12 ብልት አላት፤ ብልት ማውጣት የሚችል ሰውም ሥጋውን ዝም ብሎ አይከትፈውም፣ እያንዳንዱን በመገጣጠሚያው ለይቶ በስሙ ይጠራዋል። የሕዋስን ውስጥ ማጥናት ይህንኑ ይመስላል። ዳሩ ግን ዛሬ «ብልት» ያለ ማብራሪያ ሲነገር ሰው የሚሰማው የኀፍረተ ሥጋን ነገር በመሆኑ፣ ለበራሪ ጽሑፍ «ክፍለ ሕዋስ» ይሻላል። «ክፍለ ከተማ» የለመደው የአዲስ አበባ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

ስለ «አስኳል» አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በዕንቁላል ውስጥ ያለው ቢጫው አስኳል ራሱ በሙሉ አንድ ሕዋስ ነው፤ እውነተኛው የሕዋሱ ማዕከል በላዩ ላይ የምትታየው ነጭ ነጥብ ውስጥ ናት። ቢጫው ስንቅ ነው። ሆኖም ቃሉ ተለምዷል፣ አልነካውም። ከክፍለ ሕዋሳቱ አንዱ የሆነውን ሚቶኮንድሪያን «የኃይል ማመንጫ» ማለትም ተለምዷል፣ መጥፎም አይደለም፤ ለእኔ ግን የበለጠ የሚመስለኝ የውኃ ወፍጮ ነው። ከምግባችን በተገኘው ጉልበት ፕሮቶኖች (ኤሌክትሪክ ያዘሉ የሃይድሮጂን ቅንጣቶች) ከሚቶኮንድሪያ ውስጠኛው ሽፋን በአንድ ወገን ይጠራቀማሉ፤ ሲመለሱ የሚያልፉት ቃል በቃል በሚሽከረከር ፕሮቲን በኩል ነው፤ ፕሮቲኑ አንድ ዙር ሲዞር 3 የኤ.ቲ.ፒ. ቅንጣቶች (ሕዋሱ ለሥራው የሚጠቀምበትን ጉልበት የሚይዙ) ይፈጫሉ። እህሉ የባለቤቱ ነው፣ ወፍጮው ወደሚበላ ዱቄት ይለውጠዋል። ይህን ሐሳብ ያቀረበው ፒተር ሚቸል በመጀመሪያ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት በ1978 ኖቤል ተሸልሟል። ሽፋኑ ቢቀደድ ፕሮቶኑ በየት በኩልም ስለሚፈስ ወፍጮው ይቆማል፤ እንግዲህ «ሽፋን» ሥራ ፈት እንዳልሆነ ከዚህም ይታያል።

የጠያቂዋ ምላሽ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ግሡን ይቀይሩ» ያሉኝን ተቀብዬ ጽሑፉን እንደገና ሠርቻለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር ስኳሩ ነው። እናቶቹ «ስኳሩ ለጣዕም ነው» ብለው ስለሚያምኑ አንዳንዶቹ ይቀንሱታል፣ ሌሎቹም ልጁ እንዲወደው ይጨምሩበታል።

መልስ

ስኳሩ የበሩ ቁልፍ ነው፤ ይህን በግልጽ ይጻፉት። በአንጀት ሕዋስ ሽፋን ላይ ግሉኮስና ሶዲየምን (ስኳሩንና ከጨው የሚገኘውን ቅንጣት) አንድ ላይ ካልመጡ የማያስገባ ፕሮቲን አለ፤ ለአንድ ግሉኮስ ሁለት ሶዲየም ይዞ ይገባል። ሁለቱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። በኮሌራ ጊዜ እንኳ አንጀት ውኃ ሲያፈስ ይህ በር አይበላሽም፤ የሕይወት አድን ዱቄት ሥራም በዚህ ላይ ቆሟል። በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ ተመራማሪ የዚህን በር ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ የተሻሻለው የዛሬው ቅመም በ1 ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው ይዟል፤ ከሌሎቹ ጨዎች ጋር ተደምሮ የግሉኮሱና የሶዲየሙ መጠን በሞል (በቅንጣት ብዛት) ሲቆጠር እኩል ይሆናል። ስኳር ሲበዛ ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል፤ ሲያንስ ደግሞ ጨውና ውኃው እንደሚገባ አይገቡም። ስለዚህ ዱቄቱ ሳይቀነስና ሳይጨመርበት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥ።

የጠያቂዋ ምላሽ

የመጨረሻው ረቂቅ እንዲህ ሆኗል፤ ነገ ለእኒያው እናት አነብላቸዋለሁ፦

«የልጅዎ አንጀት ጥቃቅን ሕዋሳት አሉት። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን በር አለው፤ የሚፈልገውን ያስገባል፣ የማይፈልገውን ይመልሳል። በዱቄቱ ውስጥ ያሉት ስኳርና ጨው አንድ ላይ ሲመጡ በሩ ይከፈትላቸዋል፣ ውኃውም ተከትሏቸው ይገባል።»