ከቦሎኛ አንድ ቀን ብቻ አለኝ፤ ፍሎረንስ ልሂድ ወይስ ራቬና?

ብሩሽ ከፒያሳ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እሠራለሁ። ለመጻሕፍት ትርኢት ቦሎኛ ልመጣ ነው። ሥራው ሲያልቅ አንዲት ቀን ትተርፈኛለች። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ፍሎረንስ ሂድ ይለኛል። ልቤ ግን ያለው ራቬና ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከመሥሪያ ቤት ያመጣው የቀን መቁጠሪያ ላይ ኮከብ የሞላበት ሰማያዊ ጣሪያ ነበር። ዓመቱ ካለፈ በኋላም እናቴ አልጣለችውም፤ ግድግዳው ላይ ብዙ ቆየ። ቦታው ራቬና እንደሆነ ያወቅሁት በቅርቡ ነው። የሄደ ሰው ካለ ይንገረኝ። በአንድ ቀን ምን ያህል ይታያል? ሁለቱን ከተሞች ማጣመርስ ይቻላል?

የሚላኑ

ፍሎረንስ! ከቦሎኛ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ አይሞላም። ሠዓሊ ሆነህ የካቴድራሉን ጉልላት፣ የብሩኔሌስኪን ሥራ፣ ሳታይ ብትመለስ ይቆጭሃል። ያለቀው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1436 ነው። ያን ሁሉ ጡብ ሲደረድሩ ከሥር የሚሸከም የእንጨት ድጋፍ አላቆሙለትም። 463 ደረጃ ወጥቼ ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል፤ ግን ደግሜ እወጣዋለሁ።

ደግሞ የእኛም ታሪክ አለበት። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ ገብተዋል። ጉልላቱ ካለቀ ገና 5 ዓመቱ ነበር። እነሱ ቀና ብለው ያዩትን ጉልላት አንተም ታያለህ። ሁለቱን በአንድ ቀን ግን አትሞክር፤ ባቡር ላይ ነው የምትውለው።

እማ ቦሎኛ

ወንድሜ፣ ራቬና ሂድ። የሚላኑ ወንድማችን ስለ ጉልላቱ ያለው እውነት ነው። ግን ፍሎረንስ በአንድ ቀን አትጠገብም። ሰልፍ ስትጠብቅ ይመሽብሃል። ራቬና በእግርህ ታዳርሳታለህ። ከቦሎኛ በተራው ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

እኔ ቦሎኛ ስኖር 12 ዓመቴ ነው። የምንከባከባቸው ሲኞራ የራቬና ተወላጅ ናቸው። መጀመሪያ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ያኔ በደንብ ይራመዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ ሲመቸኝ ብቻዬን እሄዳለሁ። አሥር ጊዜ ሳይሆነኝ አይቀርም።

ያ ሰማያዊ ጣሪያህ የሮማዊቷ ንግሥት የጋላ ፕላቺዲያ መካነ መቃብር ነው። የምነግርህ ሥዕሎች ሁሉ ሞዛይክ ናቸው፤ በቀለም ሳይሆን በጥቃቅን ጠጠር ድርድር የተሠሩ። በ5ኛው መቶ ዘመን የተሠራ። (የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከውጭ ስታየው አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት ናት። ሰው ካልነገረህ አልፈሃት ትሄዳለህ። መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ሕንፃው ሰጥሟል፤ ወለሉ ከጊዜ በኋላ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ተደርጓል። ለዚህ ነው ጣሪያው አናትህ ላይ የቀረበ የሚመስልህ። ንግሥቲቱ ራሷ በ450 ሮም ነው የሞተችው፤ እዚህ አልተቀበረችም ይባላል።

ስትገባ ጨለማ ነው። አትደንግጥ። መስኮቶቹ መስታወት አይደሉም፤ በስሱ የተቆረጠ የአልባስጥሮስ ድንጋይ ናቸው። ብርሃኑ ማር መስሎ ነው የሚገባው። የሚፈቀድልህ አምስት ደቂቃ ብቻ ነውና ስልክህን ኪስህ ክተት። ዝም ብለህ ዓይንህን አለማምደው። ኮከቦቹ ቀስ እያሉ ይወጡልሃል። ከዚያ ወደ ጎን ስትል ውኃ ሊጠጡ የቀረቡ ዋላዎች ታያለህ። ዳዊት ሲደገም እየሰማህ ካደግህ ማንም ሊያስረዳህ አያስፈልግም።

እዚያው ግቢ ውስጥ ሳን ቪታሌ አለ። ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ547 ገደማ የተባረከ። ሰው ሁሉ በቀጥታ ወደ ቢዛንታይኑ ንጉሥ ዮስጢንያኖስና ወደ ንግሥት ቴዎዶራ ሥዕል ነው የሚሮጠው። አንተ መጀመሪያ ከመቅደሱ በግራ ያለውን ግድግዳ እይ። የአብርሃም ቤት ነው። ሦስቱ እንግዶች ከዛፉ ሥር ማዕድ ላይ ተቀምጠዋል፤ መልካቸው አንድ ዓይነት ነው። ፊታቸው ሦስት ድቡልቡል እንጀራ ቀርቧል፤ በየእንጀራው ላይ መስቀል አለ። አብርሃም ምግቡን በትሪ ይዞ ጎንበስ ብሏል። ሣራ ጎጆው በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ይህን ሳይ አገሬ ያለሁ ነው የመሰለኝ። የሥላሴን ሥዕል እያየሁ ነው ያደግሁት፤ እዚያ ቆሜ ዕንባዬ መጣ። ፊት ለፊት ደግሞ አቤል ከበጉ ጋር፣ መልከ ጼዴቅ ከእንጀራው ጋር አሉ።

ከዚያ ንጉሡን እይ። ዮስጢንያኖስ ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ በፋርስ ላይ እንዲያግዙት የለመነው ሰውዬ ነው። ራቬናን በዓይኑ አላያትም፤ ሥዕሉ ግን አለ። የቴዎዶራን ካባ ጠርዝ ልብ በል። ሰብአ ሰገል ከነስጦታቸው በወርቅ ተጠልፈውበታል። የጥልፍ ሥራ ለምታውቅ ሴት ይህ ብቻውን ያስመጣል።

ቀጥሎ ወደ ሳንታፖሊናሬ ኑዎቮ ሂድ። እዚህ ረጋ በል። ያሠራው ያኔ ጣሊያንን ይገዙ የነበሩት የጎቶች ንጉሥ ቴዎዶሪክ ነው። ሰውዬው አርዮሳዊ ነበር፤ አዎ፣ 318ቱ ሊቃውንት ያወገዙት የአርዮስ ተከታይ። በ526 ሞተ። በ540 የዮስጢንያኖስ ጦር ከተማዋን ያዘ። ቤተ ክርስቲያኑም ለኦርቶዶክሶቹ ተሰጠ። በቀኝ ግድግዳ በበሩ በኩል የቴዎዶሪክ ቤተ መንግሥት ሥዕል አለ። በየዓምዱ መካከል ሰዎች ቆመው ነበር። እነሱን ነቅለው በቦታቸው ነጭ መጋረጃ አደረጉ። ግን ዓምዶቹ ላይ ያረፉትን እጆች አልነቀሉም። ባለቤት የሌለው እጅ፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ፣ እስከ ዛሬ ዓምዱ ላይ አለ። መጀመሪያ ሲኞራ ሲያሳዩኝ ሰውነቴን ወረረኝ።

ቲኬቱ አንድ ነው፤ አምስት ቦታ ያስገባሃል። የፕላቺዲያን ሰዓት ግን አስቀድመህ በኢንተርኔት ያዝ። የባለቅኔው የዳንቴ መቃብርም እዚያው መሐል ከተማ ነው፤ በ1321 ራቬና ነው የሞተው። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ብሩሽ ከፒያሳ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወሰንኩ፤ ራቬና ነው። የሚላኑ ወንድሜ፣ ጉልላቱን ለሌላ ጊዜ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ የሞዛይኩ ወርቅ እንዴት ነው የሚሠራው? በፎቶ ሳየው እንደተቀባ ወርቅ አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል።

ጠጠር ቆራጭ

እዚህ ልግባ፤ ራቬና አንድ ሳምንት የሞዛይክ ትምህርት ወስጃለሁ። ወርቁ ቀለም አይደለም። በጣም ስስ የወርቅ ቅጠል በሁለት መስታወት መካከል ይገባና በእሳት ይያያዛል። ከዚያ በመዶሻ ይቆረጣል። መዶሻውን ማርቴሊና ይሉታል፤ ሁለቱም ጫፉ ስለት ነው። ከታች ግንድ ላይ የተተከለ ሌላ ስለት አለ። ጠጠሩን በሁለት ጣትህ በስለቱ ላይ ትይዝና ከላይ ጠቅ ታደርገዋለህ። የመጀመሪያ ቀን ጣቴን እንጂ ጠጠሩን አልመታሁም ማለት ይቻላል።

ይንቀሳቀሳል ያልከው ትክክል ነው። የጥንቶቹ ሠሪዎች ጠጠሩን እርጥብ ኖራ ላይ ሲጭኑ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ ዘንበል ያደርጉት ነበር። አንድ እርምጃ ስትራመድ ሌላው ያበራል። እኔ የሠራሁት ለጥ ያለ ስለነበር እንደ ከረሜላ ወረቀት ነው ያበራው። አስተማሪዬ ግማሹን አስነቅላ እንደገና አስጀመረችኝ። ስለዚህ አንድ ቦታ ቆመህ አትይ። በዝግታ እየተራመድክ እይ።

እማ ቦሎኛ

ይህን ለሲኞራ ነገርኳቸው፤ «ልክ ነው» አሉ።

ብሩሽ ወንድሜ፣ አንድ አደራ አለኝ። ሲኞራ አሁን አልጋ ላይ ናቸው። በልጅነታቸው እናታቸው ቅዳሴ ሲያስቀድሱ እሳቸው እነዚያን እጆች ይቆጥሩ ነበር። እኔ ከራቬና በተመለስኩ ቁጥር ኮቴን ሳላወልቅ «እጆቹ አሉ?» ይሉኛል። «አሉ» እላቸዋለሁ። ስትሄድ ቁጠርና ስንት እንዳገኘህ እዚህ ጻፍልኝ። ማታ ሾርባቸውን ሳበላቸው እነግራቸዋለሁ።