በቤዝቦል በጣም የተከፈተ የመምቻ አቋቋም፦ ይተወው ወይስ ይስተካከል?

ቀኝ_መቺ፦
አንድ የ14 ዓመት ቀኝ መቺ እንደ ቀድሞው የቤዝቦል መቺ ቶኒ ባቲስታ ካልቆምኩ ብሏል። የግራ እግሩን ወደ ሦስተኛ ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው ምልክቶች አንዱ) በኩል ስቦ፣ ደረቱን ለወርዋሪው ሰጥቶ ይጠብቅና ኳሷ ስትመጣ እግሩን መልሶ ያስገባል። ወደ ሰውነቱ የምትጠጋዋን አሳምሮ ይመታል። በውጭው ጠርዝ፣ ከሰውነቱ ርቃ የምታልፈዋን ግን ወይ ይስታታል፣ ወይ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ወደሚቆመው ተከላካይ) ይሰዳታል። ምን ይደረግ?

ሦስተኛ_ቤዝ፦
ባቲስታ እኮ ተከፍቶ ይጠብቃል እንጂ ተከፍቶ አይመታም። በ2000 እ.ኤ.አ. ለቶሮንቶ 41 ሆምረን (ከሜዳው አጥር ውጭ የሚወጣ ምት) ሲመታ እግሩ ከምቱ በፊት ተመልሶ ገብቶ ነበር። የአንተ ልጅ እግሩን ግማሽ መንገድ ብቻ ይመልሳል መሰለኝ። እግሩ ውጭ ካረፈ ዳሌው ቀድሞ ይዞራል፣ ትከሻው ይከተለዋል፣ መምቻ ዱላው ደግሞ ሩቅ ያለችውን ኳስ በጫፉ ይጠርጋታል። ወደ ሾርትስቶፕ የምትንከባለለዋ እሷ ናት።

መጀመሪያ ያለ ኳስ አሠራው። ከኋላ እግሩ አውራ ጣት ተነስተህ ወደ ወርዋሪው ቀጥ ያለ ቴፕ መሬት ላይ ለጥፍ። የፊት እግሩ ከቴፑ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ወደ ሦስተኛ ቤዝ በኩል ሸሽቶ ይጀምር (የባቲስታን ያህል መክፈት ለጊዜው ይቅር)፤ ሲያርፍ ግን አውራ ጣቱ ቴፑን ይንካ። 15 ጊዜ ተከታትሎ ሳይስት ካረፈ ቲ (ኳስ የሚቀመጥበት ማቆሚያ) አቁምለት። ኳሷን በውጭው ጠርዝ ላይ፣ ከፊት እግሩ ትንሽ ወደ ኋላ አድርገህ አስቀምጥና ወደ ቀኝ ሜዳ ይምታት። ወደ ግራ ከሄደችበት ዳሌው አሁንም ቸኩሏል ማለት ነው።

የኖራ_መስመር፦
በቴፑ እስማማለሁ፤ እኔ ግን ሰዓቱ ያሳስበኛል። በሰዓት 70 ማይል የተወረወረች ኳስ ፕሌቱ (መቺው አጠገቡ የሚቆምበት መሬት ላይ ያለ ሰሌዳ) ጋ ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ ብዙም አትዘልቅም። «ኳሷ ስትመጣ እግሩን ይመልሳል» ያልከው ራሱ ስህተቱ ነው። ወርዋሪው ጉልበቱን ሲያነሳ እግሩ ጉዞ መጀመር አለበት፣ ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ደግሞ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው መሆን አለበት። ከመረቡ ጀርባ በስልክ ዝግ ባለ ፍጥነት ቅረጸውና ኳሷ ከእጅ የወጣችበት ቅጽበት ላይ አቁመህ እግሩን እይ። አየር ላይ ከፍ ብሎ ካየኸው ዘግይቷል።

አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ሲኖር ደግሞ ጉድ ይመጣል፦ ወርዋሪው ሯጩ ቀጣዩን ቤዝ በሩጫ እንዳይሰርቅበት ፈርቶ ጉልበቱን ሳያነሳ ቶሎ ይወረውራል። ያን ጊዜ ረጅሙ መመለሻ አይደርስለትም። ስለዚህ ሯጭ ካለ፣ ወይም ሁለት ስትራይክ (ሦስት ሲሞላ መቺው የሚወጣበት ቆጠራ) ከተቆጠረበት፣ ከመጀመሪያው ቴፑ ላይ ይቁም።

ቀኝ_መቺ፦
ልጁ ተከፍቼ ስቆም ወርዋሪውን «በሁለት ዓይን አየዋለሁ» የሚለውስ? ሰበብ ነው?

የኖራ_መስመር፦
ላይሆን ይችላል። እጆቹን ዘርግቶ በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ይሥራና ሩቅ ያለ ነገር ይይበት፤ ከዚያ ግራ ዓይኑን ይጨፍን። ነገሩ ሳይጠፋበት ከቀረ ቀኝ ዓይኑ ነው ዋናው። ለቀኝ መቺ ይሄ የኋላ ዓይኑ ስለሆነ፣ ጎኑን አዙሮ ሲቆም አፍንጫው ይጋርደዋል። እንዲህ ከሆነ ትንሽ መከፈት ይጠቅመዋል። ግራው ከሆነ ግን አገጩን ወደ ፊት ትከሻው ማስጠጋት ብቻውን ይበቃ ይሆናል።

ሾርት_ሆፕ፦
ለየት ያለ አቋቋም አይሠራም የሚል ካለ ጃፓናዊውን መቺ ሳዳሃሩ ኦን ይመልከት። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊት እግሩን አንስቶ በአንድ እግር እየቆመ ነው የመታው፤ ሲያቆም 868 ሆምረን ነበረው። ሚዛኑን ለማግኘት ግን በሰይፍ ሳይቀር ሲለማመድ ነው የኖረው፣ በሁለት ቅዳሜ የመጣ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ እግሩን ከርቀት የሚመልስ ልጅ አንዳንዴ አልፎ ፕሌቱን ይረግጣል። እግሩ ሙሉ በሙሉ ከሳጥኑ (መቺው የሚቆምበት የተሰመረ ቦታ) ውጭ መሬት ነክቶ ኳሷን ከመታ ዳኛው አውት (ወጥተሃል) ይለዋል። ልምምድ ላይም ሳጥኑን በኖራ አስምሩለት።