«ጆሮ ያለው ይሰማዋል» የተባለው ለማን ነው?

ፌደር፦ በዚህ የዲጄዎች መድረክ ላይ ስለምንለጥፈው ሚክስ፣ ማለትም አያይዘን ስላጫወትናቸው ዘፈኖች ቅጂ፣ አድሚኑ ትናንት የለጠፈውን ላላያችሁ ልድገምላችሁ። «ከእንግዲህ በላፕቶፕ የተቀዳ ሚክስ እዚህ አይለጠፍም። በመቅጃ መሣሪያ ቅዱ። ጆሮ ያለው ልዩነቱን ይሰማዋል።» እሺ፣ እኛ ጆሮ የለንም ማለት ነው። ላፕቶፕ እኮ የመጣለትን ነው የሚቀዳው። የተበላሸ ከላክህለት የተበላሸ ያስቀምጥልሃል። ጥፋቱ የሱ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ጥቁር ሸክላ፦ አድሚኑ ልክ ነው። ሰሞኑን የተለጠፉትን እስከ መጨረሻ መስማት አቅቶኛል። ኪኩ፣ ያ ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ በመጣ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል። ጆሮ ያለው ይሰማዋል። ይሄ ምኑ ያስቆጣል?

ትንሿ ዲጄ፦ «ጆሮ ያለው» የሚለው ነዋ የሚያስቆጣው፣ ጋሼ ሸክላ። ደንብ ማውጣት ሌላ፣ ሰው መንካት ሌላ።

ሽቦ፦ ኩርፊያውን ለጊዜው ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቅ። ድምፁ የተሰነጠቀባችሁ ሰዎች፣ ድምፅ ከምታደባልቁበት ከሚክሰሩ የመጣውን ገመድ የት ነው የሰካችሁት? መልሱን አውቀዋለሁ። ማይክ ቀዳዳው ላይ። ማይክ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ከሚክሰር የሚወጣው «ላይን» የሚባለው ድምፅ ግን በቤት ዕቃ 0.316 ቮልት፣ በፕሮፌሽናሉ 1.23 ቮልት አካባቢ ነው። ለማይክ የተሠራ ማጉያ ይሄን ሁሉ አይችለውም። ፋይሉ ላይ ሳይደርስ የሞገዱ አናት ይቆረጣል። በኋላ በሶፍትዌር ብትቀንሱት ያው የተቆረጠው ቀስ ብሎ ይሰማል እንጂ አይመለስም። ደግሞ የብዙ ላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ ሞኖ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚቀበለው። ግራና ቀኙ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እዚህ አላየሁም።

የሌሊት ፈረቃ፦ የኔ ላፕቶፕ ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሄድፎኑም ማይኩም እሱው ነው። ስሰካበት ይቀዳል፣ ግን ድምፁ ከሩቅ ነው። ወንበር ስጎትት እንኳን ሚክሱ ውስጥ ይገባል።

ሽቦ፦ ጃክህን እየው። ጥቁሩ ቀለበት ሁለት ነው አይደል? ያ ቀዳዳ ማይክ የሚጠብቀው ሦስት ቀለበት ካለው ጃክ ነው። ያንተን ሄድፎን መስሎት ተቀበለው። የቀዳው ላፕቶፑ ላይ ባለችው በራሱ ማይክ ነው፤ ከስፒከሩ፣ በአየር።

ጥቁር ሸክላ፦ በአየር! በአየር የተቀዳ ሚክስ ነው እንግዲህ ስንሰማ የከረምነው። ጆሮ ያለው አላላችሁም?

ትንሿ ዲጄ፦ ጋሼ፣ ይቺን «ጆሮ ያለው» ባንዲራ አደረጓት እኮ።

ፌደር፦ እኔ ደግሞ የጋሼ ሸክላን ሚክስ አውርጄ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር ላይ ከፈትኩት። በመቅጃ መሣሪያ የተቀዳውን፣ አድሚኑ የሚወደውን። ሞገዱን አቅርቤ አየሁት። አናቱ በመላጫ የተላጨ ይመስላል። ከኪክ እስከ ኪክ ጠፍጣፋ ነው። ላፕቶፕ በአጠገቡ አላለፈም። ታዲያ ምን ሊባል ነው?

ጥቁር ሸክላ፦ እኛ ያደግነው የሚክሰሩን ቀይ መብራት እያበራን ነው። ቀይ ካልነካ አይሞቅም።

ፌደር፦ ቀይ ካልነካ አይሞቅም! አድሚን፣ ይሄን ደንቡ ላይ ጻፍልን።

ሽቦ፦ ጋሼ፣ አናሎግ ሚክሰር ላይ ከቀዩ በላይ ትንሽ ቦታ ይተርፋል። እሱ ነው ያስለመደዎት። ዲጂታል ላይ ግን 0 ዴሲቤል ጣሪያ ነው። ከሱ በላይ የሚጻፍ ቁጥር የለም። በ24 ቢት ይቅዱና ከፍተኛው ጫፍ ከ0 በታች 6 ዴሲቤል ላይ ይሁን። 16 ቢት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ በስሌት 96 ዴሲቤል ይይዛል፣ 24 ቢት 144። ዝቅ አድርገው ቢቀዱ የሚጠፋ ነገር የለም። ማሳደግ በኋላም ይቻላል።

ጥቁር ሸክላ፦ ዝቅ ያለ ሚክስ ማን ይሰማል? ሰው አልፎት ነው የሚሄደው።

ትንሿ ዲጄ፦ «በኋላም ይቻላል» ብሎዎታል እኮ። ጆሮ ያለው ቢያነብ ጥሩ ነበር።

ባስ ወዳድ፦ ስለ ገመድ ስትጨቃጨቁ ዋናውን ረሳችሁት። ግማሹ ሰው በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ነው የሚያጫውተው። ጭራሽ ወደ 320 ቀይሮ «ኳሊቲ ነው» ይላል። የጠፋው ድምፅ በመቀየር አይመለስም። መጀመሪያ ዘፈናችሁን አጽዱ።

ፌደር፦ 128 ድምፁን ያደበዝዘዋል፣ አይሰነጥቀውም። ሌላ ርዕስ ክፈትለት።

ባስ ወዳድ፦ ርዕስ የምትከፍተው አንተ ነህ እንዴ?

የሌሊት ፈረቃ፦ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ተውሼ ሞከርኩ። ገመዱን ከሬክ አውት፣ ከሚክሰሩ የመቅጃ መውጫ፣ አወጣሁ። መሰነጣጠቁ ጠፍቷል። አሁን ግን ከሥር «እምምም» የሚል አለ።

ሽቦ፦ ሬክ አውት ጥሩ አድርገሃል። አብዛኛው ሚክሰር ላይ የማስተሩ ኖብ አይነካውም፣ ሰው ማስተሩን ቢያሳድግም ቅጂህ አይረበሽም። ለእምምታው የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል። ከጠፋ ግራውንድ ሉፕ ነው፣ በመሬት ሽቦው በኩል የሚዞር ጅረት። ሚክሰሩንና ላፕቶፑን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካና እየው። እምቢ ካለ በመሃል የግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ይገባል። የመሬቱን እግር ከሶኬቱ ላይ መቁረጥ ግን እንዳታስበው፣ ሰው ይገድላል።

የሌሊት ፈረቃ፦ ቻርጀሩን ስነቅል ጠፋ! ግን አሁን አልፎ አልፎ ጠቅ ጠቅ ይላል።

ትንሿ ዲጄ፦ ባትሪ ቁጠባ ገብቶ ይሆናል። እሱን አጥፋው። ድምፁ ለአፍታ የሚጠራቀምበትን በፈሩንም ከፍ አድርገው፣ ለመቅዳት መዘግየቱ አይጎዳህም። ዋይፋዩንም ዝጋ።

ጥቁር ሸክላ፦ ቻርጀር ንቀል፣ ዋይፋይ ዝጋ፣ ቁጠባ አጥፋ። በመቅጃ መሣሪያ ግን አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ አለቀ። አድሚኑ ያለው ይሄንኑ ነው።

ፌደር፦ አንድ ቁልፍ ተጭነው ነው ሞገዱን የላጩት።

አድሚን፦ ሁሉንም አነበብኩ። ደንቡ ይቆያል። ላፕቶፕ ላይ የሚሳሳተው ሰው በዝቷል። ማን በትክክል ሰካ ማን አልሰካ እያልኩ ልመረምር አልችልም።

ሽቦ፦ መመርመር አይጠበቅብህም። ጫፉ 0 ላይ የተደፈጠጠ ፋይል አይለጠፍ በል። በምን እንደተቀዳ ምን አገባህ?

አድሚን፦ እሱንም ማየት እኮ ሥራ ነው።

ትንሿ ዲጄ፦ «ጆሮ ያለው» የሚለውን ግን ታነሳዋለህ ወይስ?

አድሚን፦ ማንንም አልጠራሁም።

ባስ ወዳድ፦ ጥያቄ። ዩኤስቢ ካርዱን ስልክ ላይ ሰክቼ ብቀዳስ? ደንቡ ላፕቶፕ ነው የሚለው።

አድሚን፦ ስልክም ያው ነው።

ፌደር፦ በምኑ ነው ያው የሆነው?!