«ቃሚ አይታመንም» ማለት ምን ማለት ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ዛሬ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን፤ ቃሚ አይመዝገብ» የሚል ወረቀት አየሁ። ገብቼ ባለሱቁን ለምን አልኩት። «ቃሚ አይታመንም» አለኝ። እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። አባቴ 30 ዓመት ጫት ቅሟል። የሰው አምስት ሳንቲም ነክቶ አያውቅም።

ሀረጎ፦ አባትህን አላህ ያቆይልህ። ባለሱቁስ ምን ያድርግ? ከ8 ሰዓት በኋላ በርጫ ነው። ጠዋት ደግሞ ሀራራው ይዞት ደንበኛ ላይ የሚጮህ አለ።

የጦሳ ልጅ፦ ሰዓት አያከብርም በለኝ፣ እሰማሃለሁ። «አይታመንም» ግን ለሌባ የሚሰጥ ስም ነው።

የሰኞ ገበያዋ፦ እናቴ ወዳጃ፣ ማለት የዱዓ ስብሰባ፣ ስትቀመጥ ጫቱም ቡናውም አለ። ልጁ የታመመበት ጎረቤት ሁሉ ዱዓ አድርጊልኝ እያለ ይመጣል። እሷንም አትታመንም ልትሏት ነው?

ሸዋ በር፦ እህቴ፣ ወዳጃን ከጫት ቤት ጋር አትቀላቅዪ። ዑለማዎቹም በጫት ላይ አንድ ቃል የላቸውም።

የሰኞ ገበያዋ፦ እኔ ፈትዋ አልጠየቅኩም። ስለ እናቴ ነው ያወራሁት።

ነርሷ፦ እኔ ጫት ጥሩ ነው አልልም። ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብላ የመጣችን ሴት ትቅሚያለሽ ወይ ስላት «ኧረ በአላህ!» ትላለች። ጥርሷ ላይ እያየሁት። ካልነገረችኝ በምን ልርዳት? ያስዋሻት ይሄ ስማችሁ ነው።

ሀረጎ፦ ሴቶቹን ለምን ለየሽ?

ነርሷ፦ ወንዱ «ቃሚ» ተብሎ ያልፋል። ሴቷ የምትባለውን ታውቁታላችሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ሀረጎ፦ እሺ፣ ቁልቁለቱን መርቅኖ ከሚወርድ ሹፌር ጋር ልጅህን ታሳፍራለህ? እኔ ስለ መታመን ስናገር ይሄን ነው።

የጦሳ ልጅ፦ አላሳፍርም። ጠጥቶ ከሚነዳም ጋር አላሳፍርም። ቢራው እዚሁ ኮምቦልቻ ይጠመቃል። «ጠጪ አይመዝገብ» የሚል ወረቀት ግን አይቼ አላውቅም።

ሸዋ በር፦ ቢራን ምን አመጣው? የጫት ወሬ ሲነሳ ሁሌ ወደ ቢራ መሮጥ!

የሰኞ ገበያዋ፦ ያመጣውማ ያው ቃሉ ነው። ጫቱ ጅቡቲ ተልኮ ዶላር ሲያመጣ ማንም አያፍርበትም። ቃሚው ግን ሥራ አይመዝገብ ይባላል።

ሀረጎ፦ ሱቁን ንገረን።

የጦሳ ልጅ፦ ስሙን አልጽፍም። ነገ ጠዋት ተመልሼ አናግረዋለሁ። አብሮኝ የሚሄድ አለ?

ሀረጎ፦ እኔ አለሁ። የምቆመው ግን ከባለሱቁ ጎን ነው።