በሰው ሞት ይጨፈራል ወይ?

የሽምብጥ ልጅ፦ ቅዳሜ እዚህ ባሕር ዳር አንድ የወጣቶች ቡድን ያሳየውን ውዝዋዜ ያየ አለ? ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰልፍ ወጥተው በጥይት ስለተገደሉት ነው። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ያኔ በዚያች አንድ ቀን ብቻ ከተማችን ውስጥ ቢያንስ 30 ሰው ሞቷል ብሎ ነበር። እኛ ደግሞ ትኬት ቆርጠን ገባን፣ አጨብጭበን ወጣን። በሰው ሞት ይጨፈራል እንዴ?

ግሽ ዓባይ፦ ጭፈራ ነው ያለህ ማነው? ጎጃም ውስጥ ለቅሶ ደርሰህ አታውቅም መሰለኝ። አያቴ ሲሞቱ ጠመንጃቸውን ይዘው ሲፎክሩላቸው፣ ሴቶቹ ሙሾ እየተቀበሉ ደረታቸውን ሲደቁ አይቻለሁ፤ ያ ሁሉ እኮ በምት ነው፣ ምቱን ያበላሸ ሰው አልቃሿ ራሷ ትገላምጠዋለች።

የሽምብጥ ልጅ፦ ለቅሶ ቤት ትኬት አይቆረጥም ወንድሜ።

ባለባጃጁ፦ ይቺን እንኳ መልስላት!

ቀበሌ 14፦ እኔ የከነከነኝ ሌላ ነው። የ2008ቱን መድረክ ላይ ማውጣት አሁን ማንን ያስቆጣል? ያኔ የነበሩት ሄደዋል። ከ2015 ወዲህ ያለውንስ ማን ደፍሮ ያሳየን?

የጣና ዳር፦ ወንድሞቼ፣ እኔ ሰልፉም ላይ ነበርኩ፣ ቅዳሜም ነበርኩ። አንዱ ልጅ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ መጣ፤ ሯጩ ፈይሳ ሌሊሳ ከሰልፉ ሁለት ሳምንት በኋላ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ያሳያት የተቃውሞ ምልክት ናት። ከበሮው ዷ! ሲል ልቤ ቀጥ አለ። ልጁ ግን አልወደቀም። ቁጭ አለ፣ ልክ እንደደከመው ሰው። ጫማውን አወለቀ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠና ባዶ እግሩን ወጣ። ሌሎቹም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ መድረኩ ላይ ጫማ ብቻ ቀረ። ጭብጨባው ከኋላ ነው የተነሳው እንጂ ፊት ያለነው አላጨበጨብንም። አጠገቤ የነበሩት እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የመጡት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የሽምብጥ ልጅ፦ እሳቸውን አላየሁም እህቴ፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። አዎ፣ አጨብጭቤያለሁ። ትኬቱ ላይ ግን አሁንም አልስማማም፣ በነጻ ይሁን። ደግሞ በር ላይ ከበሮው ጥይት እንደሚመስል ይንገሩን እንጂ፣ ያን ቀን ያየ ሰው ስንት አለ!

ግሽ ዓባይ፦ የበሩን ተቀብያለሁ። በነጻ ከሆነ ግን አዳራሹን ማን ይከፍላል፣ አንተ?